የሸረፈዲን ካምቢዮ

«ልጄ እዚህ ድረስ መጥቶ ከመኪናው የማይወርደው ለምንድን ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ ዘይነት የምትባል ዓይኗ የማያይ ሴት ናት። ወረታ ከተማ መግቢያ ላይ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ካለው ቤቷ ፊት ቆማ ነበር። አንድ እጇን በመኪናችን በር ላይ አሳርፋለች፤ በሌላው እጇ ወተት የሞላ ብርጭቆ ይዛለች። ፊቷን ወደ መሪው አቅንታለች። መሪውን የያዘው ግን የእሷ ልጅ አይደለም፤ የእኔ ልጅ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት?

ነገሩን ከመጀመሪያው ባወራው ይሻላል።

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ቤታችን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ልጄ አንዳርጋቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አባቱ ቀድሞ ስለ ሞተ ብቻዬን፣ ፋብሪካ ውስጥ ክር እየጠቀለልሁ አሳደግሁት። እኔ የመራዊ ገጠር ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ካሳደግሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከሥራ ስወጣ በቀበሌው አዳራሽ ከጎረቤቴ ከውዴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ውዴ ተጫዋች ናት።

«አገርነሽ፣ አንቺ ጆሮሽን መንገዱ ላይ ትተሽ ዓይንሽን ብቻ ይዘሽ ነው የምትመጪ» ትለኝ ነበር። «እንዲህ ሆነሽ ‹መ›ን ከ‹ሠ› ሳትለይ ነው የምትሞቺ።»

እውነቷን ነው። የልጄን መኪና ድምፅ ከሌላው መኪና ሁሉ እለየዋለሁ። ድልድዩን ተሻግሮ ማርሽ ሲቀይር ከሰማሁ እንጀራዬን እበላለሁ፤ ካልሰማሁ አልበላም።

የመኪናው ባለቤት ሙሀመድዘይን የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ትውልዳቸው ወረታ ነው፤ ሱቃቸው ግን ባሕር ዳር ነው። ሁለት መኪና ነበሯቸው። አንዱ ልጄ የሚነዳው ነው። ሁለተኛው ልጄ እሳቸው ዘንድ ከመቀጠሩ በፊት፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ካለው ዳገት ላይ ተንሸራቶ መገልበጡን ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ የልጄ መኪና ማርሽ አልቀበል አለ። ሦስተኛውን ሲያስገባ ይጮኻል፤ አራተኛው ጭራሽ አይገባም። አንዳርጋቸው መኪናውን አስማማው የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰደው። የአስማማው ጋራዥ ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ጎማ የሌላቸው አሮጌ መኪኖች በሣር ተውጠው ይቆሙበታል፤ በውስጣቸው ወፎች ይራቡበታል። አስማማው ማርሾቹ ያሉበትን የብረት ሣጥን፣ እነሱ ካምቢዮ የሚሉትን፣ አውርዶ ፈታው። ጥርሶቹ አልቀዋል።

«የዚህን ጥርስ እንኳን መካኒክ ሐኪምም አይተክለው» አለ። «ጋሽ ሙሀመድዘይን ዘንድ ልሂድ። መላ አላጣም።»

አላጣም። ሌላ ካምቢዮ አምጥቶ ገጠመለት። ከየት መጣ ብለን አልጠየቅንም። በዚያ ዘመን የመኪና ዕቃ ከተገኘ እሰየው ተብሎ ይገጠማል እንጂ አገሩ አይጠየቅም።

አንዳርጋቸው በአዲሱ ካምቢዮ መጀመሪያ የሄደው ወረታ ነው። ሲመለስ እራት አቀረብሁለት፤ አልነካውም።

«እማየ፣ ማርሹ ወጣ» አለኝ።

«ማርሽ ይወጣል እንዴ?»

«ካረጀ ይወጣል። ግን ሲወጣ ይንገጫገጫል፤ ዘንጉ እጅ ይመታል። ይሄ ግን…» ቀኝ እጁን ዘርግቶ ወደ ራሱ ቀስ አድርጎ ሳበው። «እንዲህ ነው የወጣው። ፍሪሲዮኑን፣ የማርሽ መርገጫውን፣ ሳልረግጥ። ሰው እንደሚያወጣው።»

ማርሽ ሲወጣ መኪናው ባዶውን ይንሸራተታል፤ ሹፌሮች ፎሌ ይሉታል። በፎሌ ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ፣ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት ሲደርስ ቆመ። ከበሩ ዓይነ ስውር ሴት ወጥታ ወተት ሰጠችው።

«ጠጣኸው?»

«ምን ላድርግ? ጠምቶኝ ነበር፤ ደግሞ ደግ ሴት ናት። እጄን ዳስሳ ‹ከሳህ› አለችኝ። ለመንገደኛ ሁሉ እንዲህ ትል ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ። ብርጭቆውን መልሼላት ‹በደኅና ግባ› ስትለኝ ማርሹ እሺ ብሎ ገባ።»

እኔን ያስፈራኝ ከማርሹ ይልቅ «ከሳህ» ያለችው ነው። ከሳህ የሚለው ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ላይ ወጣ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ጭነት ቢኖረው፣ ባዶ ቢሆን፣ ከባሕር ዳር ቢሄድ፣ ከጎንደር ቢመለስ ያው ነው። ወደ መራዊ ሲነዳው ግን ምንም አይልም። አስማማው ራሱ መሪውን ይዞ እስከ መራዊ ነድቶ ተመለሰና ሳቀ።

«መኪናው ደኅና ነው፤ ሹፌሩን አስጠግኚው፣ እትየ አገርነሽ።»

ልጄ ተናዶ መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰደው። የዚያኛው ባለቤት ወልደ ገብርኤል የሚባል ሽማግሌ ነው። ቦኔቱን ሳይከፍት በፊት «ማን ነክቶታል?» ብሎ ጠየቀ።

«አስማማው።»

«እንግዲያስ አስማማው የፈታውን ብሎን መልአክም አያጠብቀው።»

ይህን እያለ ፈታው። የዘንጉን ሽቦ ለወጠ፤ ኩሽኔታውን አየ፤ ዘይቱን ቀየረ። መልሶ ሲገጥመው እኔም ቆሜ ነበር። ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገብቶ አወጣቸውና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እኮ ጤነኛ ነው። የነዳው ሰው እጁ ቀላል ነበር፤ ጥርሱን አላደማውም» አለ። ወረታ ሲደርስ እንደገና ወጣ። ልጄ ተመልሶ ቢነግረው ሽማግሌው ተቆጣ።

«ወረታ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የወረታ ነው። መንገዱን አምጣልኝና እፈታዋለሁ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ በግቢያችን ያየሁትን ከልጄ በቀር ለማንም አልነገርሁም ነበርና። ሹፌር መኪናውን ሲያቆም እንዳይንሸራተት ማርሽ አስገብቶ ነው የሚተወው። አንዳርጋቸውም እንደዚያ ያደርጋል። መኪናው አፍንጫውን ወደ ድልድዩ፣ ወደ ወረታ አዙሮ ከቆመ ግን ጧት ማርሹ ወጥቶ ይገኛል። ወደ ገበያው አዙሮ ካቆመው አይነካም። ስለዚህ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ጀመርን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የልጄን ጋቢ ላወርድ ወደ ጋቢናው ወጣሁ። ጉሙ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ የወፍ ድምፅ እንኳን የለም። ሞተሩ ጠፍቷል። ጋቢውን ስስብ የማርሹ ዘንግ ከዓይኔ ሥር ተንቀሳቀሰ። አልዘለለም፤ አልተንገጫገጨም። ልጇ እንዳይነቃባት ሕፃን ከጀርባዋ እንደምታወርድ እናት፣ በቀስታ ወደ መካከል መጥቶ ቆመ። የዘንጉን ራስ ነካሁት። ጉሙ ሁሉን አቀዝቅዞት ሳለ እሱ ብቻ ሞቅ ያለ ነበር። አሁን የለቀቁት ይመስላል።

ኅዳር ላይ ትእዛዝ መጣ። የጭነት መኪና ሁሉ ስንቅ ጭኖ በኮንቮይ ወደ ሰሜን እንዲሄድ ተባለ። ወደዚያ ከሄደው ሹፌር ብዙው አይመለስም ነበር፤ የፋብሪካ ጓደኞቼ ልጆች አልቀዋል። አንዳርጋቸው ጭኖ ወጣ። እኔ ከደጃፌ ቆሜ የመኪኖቹን ብዛት ሳይሆን የእሱን ድምፅ ብቻ ሸኘሁ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሮጬ ስወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

ወረታ መግቢያ ላይ እንደ ልማዱ ማርሹ ወጣ። ከኋላው ያሉት ሁሉ ቆሙ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማለፊያ የለም። ኮንቮዩን የሚመራው ሻምበል ወርዶ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ማርሹ ወጣብኝ፣ ጓድ ሻምበል።»

«አስገባዋ!»

ቢታገለውም አልገባለትም። ሴትዮዋ ወተቱን ይዛ መጣች። ሻምበሉ ይመለከታል። «በደኅና ግባ» ስትል ማርሹ ገባ። ሻምበሉ መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ከዚያ ልጄን አየና «ተመለስ፤ አስጠግነህ ከሚቀጥለው ኮንቮይ ጋራ ትሄዳለህ» አለው። «ያኔም እዚህ በር ላይ ብትቆም ነገሩ የማርሽ አይደለም፤ አሻጥር ነው።»

አሻጥር ምን እንደ ነበር ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። በአሻጥር የተያዘ ሰው ወዴት ተወሰደ ተብሎ አይጠየቅም።

እንግዲህ መኪናው ከዳነ ልጄ ወደ ጦርነቱ ይሄዳል፤ ካልዳነ ይታሰራል። በዚህ መካከል ደግሞ አንዲት የማላውቃት ሴት «ከሳህ» እያለች ወተት ታጠጣዋለች። እንቅልፍ አጣሁ። ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ በሚቀጥለው የወረታ ጉዞ አብሬው ተሳፈርሁ።

ሐሙሲትን አለፍን፤ የጉማራን ወንዝ ተሻገርን። የፎገራ ሜዳ እንደ ገበታ ዝርግ ነው። ቤቶቹ መታየት ሲጀምሩ አንዳርጋቸው ሁለት እጁን ከመሪው በላይ አንሥቶ አሳየኝ፤ «እይ እንግዲህ።» ዘንጉ ራሱ ወጣ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ። እንደዚያ ስንንሸራተት አረንጓዴው በር በእኔ በኩል መጥቶ፣ መውረጃው ደረጃ ከበሩ ደፍ ትክክል ላይ ሲሆን ቆምን። ሴትዮዋ ብርጭቆዋን ይዛ ወጥታ ነበር። እኔ መስኮቱን አወረድሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እመቤቴ። እኔ የሹፌሩ እናት ነኝ።»

ፈገግ አለች። «አይ! የሹፌሩ እናትስ እኔ ነኝ። አንቺ ተሳፋሪ ትሆኛለሽ። ስምሽ ማን ነው?»

«አገርነሽ።»

«ዘይነት እባላለሁ። ሸረፈዲኔ ገና ጉማራን ሲሻገር እሰማዋለሁ። ደጄ ሲደርስ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ እንዳያስደነግጠኝ ብሎ ነው። ድሮ ወርዶ ጉልበቴን ስሞ፣ ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር። ባለፈው ዓመት ጠፋብኝ፤ ‹ሩቅ አገር ጭኖ ሄዷል› አሉኝ። አሁን ተመለሰ፤ ነገር ግን ወተቱን ተቀብሎ ዝም ይላል።» ከዚያ ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ልጄ እዚህ ድረስ መጥቶ ከመኪናው የማይወርደው ለምንድን ነው? ተቀይሞኝ ይሆን?»

ከአጥር ማዶ የቆመች ጎረቤቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ራሷን ወዘወዘችብኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀው፣ ለእሷ ብቻ ያልተነገረ መርዶ አለ። አንዳርጋቸው ወተቱን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እኔ ቀድሜ ብርጭቆውን ያዝሁት።

«ዛሬ እኔ ልጠጣው» አልሁ። ጠጣሁት። አልጣፈጠኝም፤ እንባ እንባ አለኝ።

ባሕር ዳር እንደ ገባን በቀጥታ ወደ አስማማው ሄድሁ። ከመኪና ሥር ተኝቶ ይሠራ ነበር።

«አስማማው፣ ካምቢዮው የማን ነው?»

«የጋሽ ሙሀመድዘይን ነዋ።»

«ይነዳው የነበረው ማን ነው?»

ከመኪናው ሥር ተሳበና ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አያየኝም። «ሸረፈዲን። ከተገለበጠው መኪና ነው ያወረድሁት። እሱ ራሱ በመኪናው ውስጥ ነው የሞተው፤ ካምቢዮው ግን አልተነካም ነበር።»

«እናቱ መርዶውን ሳትረዳ የሞተ ልጇን ዕቃ ታሠማራለህ?»

«ተረድታለች ብዬ ነዋ! ዘመዶቿ ነግረዋታል ብዬ።»

«እነሱስ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አውርጄ ሐይቅ ልጣለው፣ እትየ? ሌላ ግን የለኝም።» ሌላ ከሌለ መኪናው ይቆማል፤ ቆመ ማለት አሻጥር ነው። «ተወው» ብዬው ወደ ሙሀመድዘይን ሱቅ አቀናሁ።

ሙሀመድዘይን በእህል ጆንያዎች መካከል ተቀምጠው መቁጠሪያ ይዘዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው መቁጠሪያው ቆመ።

«ዘይነት እኅቴ ናት» አሉኝ። «የአንድ እናት ልጆች ነን። ሸረፈዲንን በእጄ ነው የቀበርሁት። እንዴት ብዬ ልንገራት? መጀመሪያ ዓይኗን ትታከም፣ በሕመሟ ላይ አይሆንም አልን። ሕክምናው አልሠራም። ረመዷን ገባ፤ በጾም አይረዳም አልን። ከዚያ የሴት ልጇ የመዲና ሰርግ ደረሰ፤ ሙሽራን ማቅ አናልብሳትም አልን። ክረምት ገባ፤ ለቀስተኛው በጭቃ አይመጣም አልን።»

«አሁንስ?»

«አሁን እህሉ ይሰብሰብ ብለናል።»

«ጋሽ ሙሀመድዘይን፣ ይህ ሁሉ ሲያልፍ እሷ በሩ ላይ ቆማለች። እሱም በሩ ላይ ቆሟል።»

መቁጠሪያውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሉኝ ግን ልቤን ወጋው።

«አንቺም እናት ነሽ፣ አገርነሽ። መርዶው ከተነገረ ማርሹ ይስተካከል ይሆናል። ከተስተካከለ ልጅሽ ይሄዳል። ይህን አስበሽዋል?»

ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ሌላ ምን አሰብሁ? ወደ ሰሜን ከመላክ ልጄን ያስቀረልኝ ያ ካምቢዮ ነው። የሰው እናት በሐሰት ተስፋ ደጅ ቆማ ብትቀር የእኔ ልጅ ቤቱ ይውላል። ግን እንደዚያ የሚውለው የእኔ ልጅ ነው ወይ? ሲሄድ ሌላ ሰው ያስቆመዋል፤ በሌላ ሰው ስም ይጠራል፤ የሌላ ሰው ወተት ይጠጣል። አሻጥሩም ከፊቱ ተደቅኗል።

«አስቤዋለሁ» አልኋቸው። «ልጄ ቢሄድም ራሱን ሆኖ ይሂድ፤ ቢቀርም ራሱን ሆኖ ይቅር። ይንገሯት።»

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ሙሀመድዘይን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ፤ ገና ጎሕ ሲቀድ በዚያው መኪና ጫንናቸው። ወረታ ስንደርስ ማርሹ ወጣ። ማንም አልተናገረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲሉ ሰማሁ። በፎሌ ተንሸራተን ከበሩ ላይ ቆምን።

ዘይነት ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች። «ሸረፈዲን፣ ዛሬ ማለድህ» አለች። ከዚያ የብዙ ሰው እግር መሬት ሲረግጥ ሰማች። አንገቷን ቀና አደረገች። ጎረቤቶቿም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየቤቱ ወጥተው ነበር፤ ነጠላውን ባታይም ዝምታቸውን አወቀችው።

«ወንድሜ ሙሀመድዘይን፣ አንተም አለህበት?»

«አለሁበት፣ እኅቴ።»

«እንግዲያ ንገረኛ።»

መናገር አቃታቸው። ዘይነት ጠበቀች፤ ጠበቀችና ብርጭቆውን ጎንበስ ብላ ወተቱን ሳታፈስ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ሞት ሲሰማ የሚባለውን በራሷ አፍ ተናገረችው። ከዚያ ጩኸቱ ተነሣ።

ለቅሶው ሲበርድ፣ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል፣ ዘይነት ወደ መኪናው ውሰዱኝ አለች። እኔና ጎረቤቷ ደግፈን ጋቢናው ውስጥ አስገባናት። መሪውን ዳሰሰች፤ ከዚያ የማርሹን ዘንግ አገኘችው። ሁለት እጇን ጫነችበት።

«ሂድ ልጄ» አለችው። «አልተቀየምሁህም። አንተም ያልነገሩኝን አትቀየምብኝ።»

እጇን አነሣች። ወደ አንዳርጋቸው ዞራ፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የአገርነሽ።»

መዳፉን ወስዳ ዳሰሰችው። «አልከሳህም። መጀመሪያውኑ ሌላ ሰው ነህ» አለች።

ስንመለስ አንዳርጋቸው አንደኛ ማርሽ ሲያስገባ ካምቢዮው ግጭጭ አለ፤ ክፉ፣ ያረጀ፣ ተራ የመኪና ድምፅ። ልጄ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በይ እማየ፣ አሁን ጎበዝ መካኒክ ይፈልጋል» አለኝ።

የሚቀጥለው ኮንቮይ ሲወጣ አንዳርጋቸው በወረታ በኩል ሳይቆም አለፈ። ዘይነት ከደጇ ቆማ በድምፁ ሸኘችው ብለው ነገሩኝ። ሄዶ ተመለሰ። ድልድዩን ተሻግሮ ማርሽ ሲቀይር ሰማሁት፤ በቤታችን ፊት ሲያልፍ ሞተሩ አልቀነሰም። እንደገና ሄደ፤ እንደገና ተመለሰ። እኔ አሁን የማዳምጠው ሌላ ነገር ነበር። የሞተሩ ድምፅ ከደጄ ላይ ዝቅ ካላለ ልጄ በሕይወት አለ።

በዐቢይ ጾም መካከል ሰፈሩ ተለወጠ። ውዴ መቀለድ ተወች። ለመሠረተ ትምህርት ስንቀመጥ ፊደሌን ብሳሳትም ዝም ትላለች። ሽሮ ይዛ ትመጣለች፤ ውኃ ትቀዳልኛለች። ጎረቤቶቼ ስገባ ወሬ ይለውጣሉ። «ምን ሆናችሁ?» ስላቸው «ጾሙ ነዋ» ይሉኛል። እኔም ጾሙ ነው ብዬ ተውሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከደጃፌ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ ውዴ ከጎኔ አለች። ከድልድዩ በኩል የልጄ መኪና መጣ፤ ድምፁን አወቅሁት። ውዴ ቀና አለች። ደጄ ሊደርስ ሲል ሞተሩ ዝቅ አለ። የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ። ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ፣ መውረጃው ደረጃ ከእግሬ ትይዩ ሲሆን ቆመ።

የወረደ የለም። መሪውን የያዘው የማላውቀው ሹፌር ነው። ሁለት እጁን አንሥቶ ዘንጉን ያያል።

«እትየ፣ ይቅርታ» አለኝ፤ «ማርሹ ብቻውን ወጣብኝ።»

ምስሩን አስቀመጥሁት። ሹፌሩን ምንም አልጠየቅሁትም። ወደ ውዴ ዞርሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

ውዴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ፋሲካ ይለፍ ብለን ነው፣ አገርነሽ» አለች። «በጾም እንዴት ይረዳል፣ በበዓልም ቤቷን እንዴት እናጨልምባታለን ብለን። ሲመለሱ መንገድ ላይ ተተኮሰባቸው። ጥይቱ እሱን ብቻ አገኘው።»

መኪናው ከደጄ አልተነሣም። ሹፌሩ ታገለ፤ አስማማው መጣ፤ ወልደ ገብርኤልም መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ ሌላውን ሳይሰድብ አብረው ቆሙ፤ ማንም ብሎን አልፈታም። ለቀስተኛው መኪናውን እየዞረ ገባ። ሦስተኛው ቀን ላይ ዘይነት በወንድሟ ተመርታ ከወረታ መጣች። ከጎኔ መደብ ላይ ተቀመጠች። አላጽናናችኝም። እጄን ይዛ ወደ ጋቢናው ወሰደችኝና ዘንጉ ላይ አስቀመጠችው። ሞቅ ያለ ነበር።

«በይው» አለችኝ።

«አልችልም።»

«እኔም አልችልም ነበር። በይው።»

«ሂድ ልጄ» አልሁ።

ሹፌሩ አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ግጭጭ ብሎ ገባ፤ መኪናው ተነሣ።

ሙሀመድዘይን በክረምቱ መኪናውን ሸጠው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ውዴ እስከ ዛሬ ጎረቤቴ ናት። ዘይነት ወረታ፣ እኔ ባሕር ዳር ቀረን። ሸረፈዲንና አንዳርጋቸው ሄዱ።